አባትሽ የቆመበት ቦታ

ውድ ልጄ ልዩ፣

ሚካኤል በክንፎቹ ይጋርድሽ፤ በሰው አገር ደግ ሰው ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። ከጎናችን ሌላ ፎቅ ተጀምሮ አቧራው አላስቀምጥ ብሎናል እንጂ።

የአባትሽን እግር ነገር ልንገርሽ። ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሐኪሙ የደም ሥሩ ጠቧል አለን። "ምን ያህል ይሄዳሉ?" ቢለው "ላምበረት ድረስ ሳልቆም!" ብሎ ዋሸ። ሐኪሙም አላመነውምና፣ ሰው የት እንደሄደና የት እንደቆመ በሳተላይት የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ ወገቡ ላይ አሰረለት።

ሌላ ቀን ስንመለስ የሄደበት ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተስሏል። ብዙ ቦታ ቆሟል፤ ሲኤምሲ ቪላዎቹ ጋ ግን ከሁሉም አብልጦ ቆይቷል።

"አባባ፣ እዚህ ጋ በጣም አመመዎት?" አለው ሐኪሙ።

"እሱስ ሕመም አይደለም" አለ አባትሽ። "የአባቴ አውድማ ነበር። ጤፍ የምንወቃው እዚያ ነው።"

ሐኪሙም "እንግዲያው ይህችን ከሕመሙ አንቆጥራትም" አለው። ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው ትቶ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ሲያመው እያረፈ፣ በየቀኑ እንዲራመድ አዘዘው።

አሁን አብሬው እወጣለሁ። "እዚህ ሽንብራ ነበር፣ እዚህ የላሞቹ መንገድ" ይለኛል። እኔም ሙሽራ ሆኜ የመጣሁበትን መስክ ፈልጌ አጣሁት፤ የሚታየኝ አጥርና የብረት በር ብቻ ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የወላዲት አምላክ ምርቃት አይለይሽ። ለእረፍትሽ ስትመጪ አንቺም አብረሽው ውጪ፣ ልጄ፤ የሚነግረኝን ሁሉ ብቻዬን መያዝ አቅቶኛል።

እናትሽ ብዙአየሁ