በፖስተር ላይ ስለቀረው የልጄ ፀጉር

ዙሪክ ለሚገኘው የፀጉር ሕክምና ምርምር ማዕከል የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ቀጥዬም የአይጦችዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ማዕከልዎ በየጊዜው በሚያወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ፀጉራቸው ስለ ማደጉ ያለ አንዳች ጥርጥር የሚነገርላቸው አይጦቹ ብቻ ስለሆኑ፣ እንኳን ደስ አላቸው ሳልል ብቀር ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ደብዳቤዬን በአማርኛ መጻፌ ቅር እንደማያሰኝዎ አምናለሁ። ማዕከልዎ ልጄን የወይንሐረግን የፈቃደኝነት ሰነድ ያስፈረማት በጀርመንኛ ሲሆን፣ ጄኔቫ የምንኖር ሰዎች የምናውቀው ፈረንሳይኛ መሆኑን ስትነግራቸው «የስልክሽ መተርጎሚያ ይረዳሻል» ብለዋት ነበር። እርስዎንም እንደሚረዳዎ አልጠራጠርም። በተጨማሪም ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መግቢያ አዲስ በጎ ፈቃደኞችን የሚጠራ ፖስተር ስለሰቀላችሁ፣ ቀጥላ ባቡር የምትሳፈረው የሌላ ሰው ልጅ ሳትሄድ እንድታነበው በማለት ከፖስተራችሁ ጎን ለጥፌዋለሁ።

የወይንሐረግ በአንድ ዲፕሎማት መኖሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ እንግዶች ሲመጡ በማዕድ የምታስተናግድ ሴት ናት። ፀጉሯ መጀመሪያ ከጆሮዋ በላይ ሳንቲም በሚያህል ስፍራ ረገፈ። ከዚያ ባዶዎቹ ቦታዎች በዝተው እርስ በርስ ተገናኙ፤ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷም ተከተሉ። የጄኔቫ ሐኪሞች የገዛ ሰውነቷ የፀጉሯን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየወጋው ነው አሉ፤ በገበያ ላይ ያሉትንም መድኃኒቶች ሞክራ አልሆነላትም። የቤቱ እመቤት ጨዋ ስለሆኑ አላባረሯትም። እንግዶች እንዳይደነግጡ ብለው ከምግብ አዳራሹ ወደ ምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ብቻ አዛወሯት።

ማዕከልዎ ገና በሙከራ ላይ ያለ ክኒን እንዳለው ስትሰማ፣ አትሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። «አባዬ፣ አንተ በወጣትነትህ ራሰ በራ ሆነህ ማንም ዞር ብሎ አላየህም። እኔን አውቶቡስ ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ አፍጥጠው ያዩኛል» አለችኝ። ባቡር ተሳፍራም ሄደች። አቤቱታዎቼም የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መላጨቱ። ፎቶግራፉ የጠራ እንዲሆን በማለት የተረፈቻትን ጥቂት ፀጉር ሙልጭ አድርጋችሁ ላጫችኋት። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ እንዲህ የምትላጨው እናት ወይም አባት ሲሞትባት ነው። የወይንሐረግም እናቷ በሞተች ጊዜ ተላጭታ ነበር፤ ያኔ ሐዘኑ ሲቀልላት ፀጉሯም ተመልሷል። ከዙሪክ ስትመለስ ግን በቦርሳዋ ያገኘችውን ጥቁር ሻሽ አስራ ትራም ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ሻሹ ሸርተት ብሎ ሻትሌን ከሚባለው ሰፈር የምትኖረው የዕድራችን አባል ወይዘሮ አገሪቱ አየቻት። እኔ ደግሞ ጉልበቴን አሞኝ ከቤተ ክርስቲያን ከጠፋሁ ሰንብቼ ነበር። ወይዘሮ አገሪቱ ሐዘንተኛን በትራም ውስጥ ማስለቀስ ነውር ነው ብላ ዝም አለች፤ ከወረደች በኋላ ግን ስልኳ ዝም አላለም።

በማግሥቱ ቬርኒየ በሚገኘው ቤቴ፣ ከአሳንሰሩ ውስጥ «ወንድሜን! ወንድሜ ስለሺን!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወይዘሮ አገሪቱ ድስት ታቅፋ ከፊት፣ የዕድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ መጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ በሥራ ዘመንዎ ብዙ የተደነቀ ፊት አይተው ይሆናል፤ የሚያለቅስለት ሟች ወጥቶ «ግቡ» ያለውን ሰው ፊት ግን አላዩም። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ አስፋ «ጋሼ ስለሺ፣ በሕይወት ካሉ ምናለ ስልክ ቢደውሉ?» ብሎ ገሠጸኝ። የመጣው ምግብ ተበላ፤ ተሣቀም። ልጄ ግን ያ ሁሉ ሰው በእሷ ራስ ምክንያት መምጣቱን ስለሰማች ከመኝታ ክፍሏ አልወጣችም። እኔ በበኩሌ በለቅሶዬ ላይ ማን እንደሚገኝ በቁሜ እንዳውቅ ስላደረጋችሁኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጎረቤቴ አቶ ኤልዳድ አለመምጣቱንም አስተውያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መድኃኒቱ። ቅሬታዬ አልሠራም የሚል አይደለም። ሠርቷል። በመጀመሪያ ቅንድቧ ላይ እንደ አራስ ልጅ ፀጉር የለሰለሰ ነገር ወጣ። ቀጥሎ ራሷ ጠቆረ። አንድ ቀን እራት እየበላን እጄን ይዛ «ዳስሰው እስኪ፣ አባዬ» ብላ አናቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔ እንባ የማያበዛ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ግንባሯ ላይ ፀጉሩ የጀመረበት መስመር የእናቷ መሆኑን ሳይ፣ እጄን ከአናቷ ሳላነሣ እራቱ ቀዘቀዘ። እመቤቲቱም ከምድር ቤት አውጥተው ወደ ማዕዱ መለሷት።

ከዚያ መልእክታችሁ መጣ። የጥናቱ ገንዘብ አቅራቢ «ይበልጥ ተስፋ ሰጪ ወደሆነ ንጥረ ነገር» ትኩረቱን ስላዞረ ክኒኑ መቋረጡን ይገልጽና፣ ለሳይንስ ላበረከተችው አስተዋጽኦ ያመሰግናታል። መድኃኒቱ ጎጂ ሆኖ አቋርጣችሁት ቢሆን ኖሮ ዙሪክ ድረስ መጥቼ እጅዎን በሳምኩ ነበር። ጠይቀናል፤ ጎጂ አይደለም ተብለናል። እንግዲህ ሰጪ የተባለ ተስፋ መልሶ ነጣቂ መሆኑን፣ ከአንድ ተስፋ ወደ ሌላው ስትሻገሩም በቀድሞው ላይ ተሳፍሮ የነበረ ሰው መንገድ ላይ እንደሚቀር ከእናንተ ተምሬያለሁ። በሸመገልኩበት ዘመን ላስተማራችሁኝ ትምህርት ባለ ዕዳችሁ ነኝ።

ልጄ የተረፈ ክኒን ካለ ልትለምን እንደገና ተሳፈረች። የተረፈው እንዲወገድ ታዟል አሏት። ክኒኑን ይሰጧት የነበሩት ሐኪም ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች፤ ማዕከሉ እስኪዘጋ ብትጠብቅም ስብሰባው አላለቀም። ኡስተር ከተባለችው ጎረቤት ከተማ የምትመላለሰው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ብቻ ከወንበሯ ተነሥታ ውሃ ሰጠቻት፤ እስከ ባቡር ጣቢያም ሸኘቻት። ለእሷ የማቀርበውን ምስጋና እባክዎ ከሌሎቹ ለይተው ያንብቡት፤ ከልቤ ነው።

ፀጉሩ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሄደ፤ ቅንድቧ ቀደመ። ልጄም ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የመጀመሪያው ጊዜ በሽታ ነበር፤ በበሽታ ላይ ሰው አይቀየምም። ሁለተኛው ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰዎች የወሰኑት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፖስተሩ። ከላይ የጠቀስኩት፣ በአዳራሻችን መግቢያ የሰቀላችሁት ፖስተር ከጀርባ ሁለት ጊዜ የተነሣ የአንዲት ሴት ራስ አለበት። በግራ ባዶ፣ በቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር። ከጆሮዋ ኋላ አብሯት የተወለደውን ምልክት ስላየሁ፣ ልጄ መሆኗን ለማወቅ ፊቷ አላስፈለገኝም። ከላይ «ተስፋ ሰጪ ውጤት» ይላል። የሚያስተዋውቀው ግን አዲሱን ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ፀጉር የበቀለው ደግሞ በጣላችሁት በቀድሞው ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ቀድሞ በሌላ ሙከራ የተሳተፉ ሰዎች እንደማይመዘገቡ ተጽፏል። ስለዚህ በዚያ ፖስተር ላይ ካሉት ሁሉ እንዳትመጣ የተከለከለችው ራሷ ባለፎቶዋ ናት።

ከቅዳሴ በኋላ ልጄ ሻሿን አስራ ፊት ለፊቱ ቆማ ሳለ፣ የወይዘሮ አገሪቱ የልጅ ልጅ ትንሿ እድላዊት መጣችና «ኦ፣ ሴ ጆሊ! እንዴት ያምራል! የማን ነው ፀጉሩ?» ብላ ጠየቀች። የወይንሐረግ «የእኔ ነው» አለቻት። ልጅቱ ፖስተሩን አየች፣ ሻሹን አየች፣ የምትቀልድባት መስሏት ሳቀች።

ልመናዬ አጭር ነው። ክኒኑ የሚገኝበት አንዳች መንገድ ካለ ስጧት። ከሌለ፣ አንድ ሐኪም ከስብሰባ ወጥቶ ፊቷን እያየ «የለም፤ አትጠብቂ» ይበላት፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የዙሪክ ፖስታ መጣ ብላ መነሣቷን እንድትተው። ፖስተሩንም አውርዱ። እኔ አልቀደድኩትም፤ ልጄ ካላት ፀጉር የቀረው እዚያ ላይ ያለው ብቻ ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ባለፈው እሑድ የተረፈውን እንድላጨው ለመነችኝ። በወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ በራሴ ምላጭ ላጨኋት። ስጨርስ «አባዬ፣ ለቅሶ ደራሾቹ አሁን ቢመጡ አትመልሳቸው» አለችኝ። ስልክ አንሥቼ ለወይዘሮ አገሪቱ ራሴ ደወልኩ። መጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አቶ አስፋ ወንበር እየተሰጠው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ አገሪቱ የልጄን ሻሽ ፈትታ፣ ያን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ እንደ ወጉ አለቀሰች። በዚህኛው ለቅሶ ልጄ ከክፍሏ ወጥታ አብራ አለቀሰች።

የማዕከልዎን ተስፋዎች ሁሉ በቅርብ የሚከታተል፣ አንድ ጊዜ በስሕተት የተለቀሰለት፣ ፖስተሩ እስኪወርድ ድረስ ከጎኑ የማይነሣ፣

ስለሺ ወዳጄ
ቬርኒየ፣ ጄኔቫ

ማስታወሻ፦ ሙከራ ሲያበቃ አይጦቹ እንደሚገደሉ በቅርቡ አነበብኩ። ልጄን ግን በባቡር ወደ ቤቷ ሰዳችኋታል። ልዩነቱን ልብ ማለቴን ይወቁልኝ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።