ሁለት ጊዜ ከጠራ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ እህልም ይበላልኛል። አክስትሽ ከሰኞ ጀምሮ ብታኮርፈኝም ሰላም በልልኝ ብላለች።

የጉልበቴን ነገር ከየት ሰማ ትዪ ይሆናል። እመጣበታለሁ። ነገርን በተራው ካልሆነ መናገር አይሆንልኝም፤ ታውቂኛለሽ። ፊደልም ከቀለም ጣሳ ላይ እያየሁ ብቻዬን የቆጠርኩ ሰው ነኝና ስህተት ካገኘሽ እለፊው።

ወደ ማሠልጠኛው ከሄድሽ ወዲህ አሥራ አንድ እሑድ ደውለሻል። ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለሩብ ሰዓት ብቻ መሆኑን ጽፈሽ በሩ ላይ የለጠፍሽው ወረቀት አሁንም አለ። እሑድ እሑድ ስምንት ተኩል ሲሆን እጄን እታጠባለሁ። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ስስ ጣውላ አደርግና ስልኩን እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። መዳፌን ከጎኑ አሳርፋለሁ። ስትደውዪ ጣውላው ይንቀጠቀጣል። መደወልሽን የማውቀው በዚያ ነው።

ከዚያ አነሳዋለሁ። ጤናሽን እጠይቅና እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ምግቡን እጠይቅና እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አለቆችሽን እጠይቃለሁ። በመጨረሻ "ጥሩ ነው፣ በርቺ" እልና ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ መብራቱ እስኪጠፋ አየዋለሁ።

በአሥራ አንዱም እሑድ ምን እንዳልሽኝ አላውቅም። ጆሮዬ አይሰማም።

ቀኙ ከሄደ ስምንት ዓመት ሆነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት መጋዝ ማሽን አጠገብ ቆሜያለሁ፤ የሚደንቅ ነገር የለውም። ግራው አምና ተከተለው። ለማንም አልተናገርኩም። ደንበኛ ሲመጣ "በቃል አልቀበልም፣ ልኩን ጻፍልኝ" እላለሁ፤ ጠንቃቃ ነው እያሉ ያመሰግኑኛል። አንቺንም ጀርባ ሰጥተሽ አታናግሪኝ እያልኩ ስቆጣሽ የኖርኩት ሥነ ሥርዓት ላስተምርሽ አልነበረም። ከንፈርሽን ለማየት ነው። ስልክ ከንፈር የለውም። እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምታነሳው እሷ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አክስትሽ መጣች። ልብስ ስፌቷን ጥላ በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ማሽኑ ላይ ነበርኩና ጀርባዬን ደበደበችው። ዞር ስል አፏ ይሮጣል። እሷ ስትናደድ ከንፈሯን መከተል አይቻልም። ቀስ በይ አልኳት።

"ደንቆሮ!" አለችኝ። ይቺን ለየኋት።

"እውነትሽን ነው" አልኳት።

ስድብ መስሏት ነበር የተናገረችው። ጆሮዬን በጣቴ ነካሁላት፤ ገባት። ከዚያ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ መዘዘችና ለሰው በር የላግኩት ጣውላ ላይ ጻፈች፦

"ጉልበቷ አብጧል። ሐኪሙ እስከ ወር መጨረሻ ወደ ቤት መመለስ ትችያለሽ ብሏታል። አባዬ ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀችህ። ጥሩ ነው በርቺ አልካት።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኔ ጋር እንደዘጋሽ ለሷ ደውለሽ "አባዬ መልሱን ሰጥቶኛል፣ እንዳትነግሪው" ማለትሽንም ከሥሩ ጨመረችበት። እሷ አለቀሰች። እኔ እንባም አልመጣልኝም። ማሽኑን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ እሷ አጠፋችው።

የሄድሽ ቀን በር ላይ ቆሜ ሥልጠናውን ሳትጨርሺ እንዳትመለሺ ብዬሻለሁ። ብያለሁ፤ አልክድም። በርቺ ያልኩሽ ግን ለጥያቄሽ አይደለም። ሰው ላልሰማው ነገር የሰጠው መልስ፣ መልስ አይባልም። እንደ ፍርድ አትያዢው።

ነይ አልልሽም። ቆዪም አልልሽም። ጉልበቱ ያንቺ ነው። እንድታውቂው ያህል ግን፣ ሲጣበቅ ያስቸግርሽ የነበረውን የክፍልሽን በር ልጌ አስተካክዬዋለሁ። የአልጋሽንም እግሮች አንድ አንድ ስንዝር ቆርጬ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ በታመመ ጉልበት እዚያ ከፍታ ላይ አይወጣም። ካልተመቸሽ መልሼ እቀጥለዋለሁ። ቁራጮቹ አሉ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ወደ ካምፓችሁ ዳቦ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ሐሙስ እጅሽ ይገባል። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንደወትሮሽ ደውዪ። አላነሳውም። የምትቆዪ ከሆነ አንድ ጊዜ አስጠሪና ዝጊው። የምትመጪ ከሆነ ዘግተሽ እንደገና ደውዪ። አክስትሽ ልምጣና ላዳምጥልህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። መዳፌ ይበቃል።

የጻፈችበትን ጣውላ አልላግኩትም። ባለ በሩ ሌላ እስክሠራለት ይጠብቅ።

ፈጣሪ እግርሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ከጓደኞችሽ ጋር በሰላም ያኑርሽ። ስልኩ ከሚሰጣችሁ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንዷን ደቂቃ እንኳ በመጣደፍ አታሳልፊያት። አንድ ጊዜ ከጠራ በኋላ ሩብ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ እጄን ከጣውላው አላነሳም።

አባትሽ