ሽማግሌዎቹ ያልጠየቁኝ ጥያቄ

እንጅባራ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሌ ለነበርከው ለይኸነው፤

የህንድ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የእንጅባራ ብርድ ያው እንደምታውቀው ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ለንግድ ወደዚያ ለሚመጣው ለሙስዐብ ሰጥቼዋለሁ።

ፍርድ ቤቱ ፍቺያችንን አጽድቋል፤ እንኳን ደስ ያለህ። ሽማግሌዎቹ ዳንግላ እናትህ ቤት የተቀመጡት ነሐሴ ላይ ነበር። እናትህ እትዬ ሽታዬ ቀድመው፣ "ሁለቴ አስወረዳት፤ ልጄ ዘር ሳይተካ ይቅር ወይ?" አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ደሴ ደግሞ የሰው ትዳር ከማፍረሳቸው በፊት ሴቲቱን "በሆድሽ የያዝሽው አለ ወይ?" ብለው ሳይጠይቁ አያልፉም፤ ካለ ነገሩ እስክትወልድ ይቆያል። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እናትህ ሳቁባቸው።

"እሷን ደግሞ! በቅሎ ይህን ትጠየቃለች?"

ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ፤ ጥያቄው በዚያው ታለፈ። እኔም ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት፣ ይኸነው።

አዎ፣ አርግዣለሁ። ለፋሲካ መጥተህ የሄድክ ጊዜ ያረገዝኩት ነው።

ህንድ ለትምህርት ሳትሄድ፣ በምታስተምርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጦቹን እኔ እይዝልህ፣ አንተ ትወጋቸው ነበር። የእንቁላል ማመንጫቸውን ያወጣህባቸው እርጉዞች ፅንሳቸውን ሲያጡ፣ ፅንስ የሚያጸናውን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮንን የተወጉት ግን ይዘው ሲቆዩ አብረን አይተናል። ለተማሪዎችህ፣ "እናቲቱ ምን ታድርግ? ሆርሞን አንሷት እኮ ነው" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ልጃችን ሲወርድ "እኔንም አስመርምረኝ" ብዬ ለመንኩህ። "የገዛ ሚስቱን እንደ አይጥ መረመረ እንዲሉኝ ነው?" አልከኝ። ለእናትህ ደግሞ "አፈጣጠሯ ነው" አልካቸው። ይህን እስክሞት አልረሳልህም።

አንተ ስትሄድ ብቻዬን ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐኪሟ ደሜን አይታ ያንኑ ፕሮጄስትሮን አዘዘችልኝ። ይኸው ሰባተኛ ወሬን ጨረስኩ። ወንድ ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን እናትህ ዳንግላ ላይ አዩኝ። ጋሪውን አስቁመው ሆዴ ላይ አፈጠጡ።

"የማን ነው?" አሉኝ።

"የበቅሎ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ ሽማግሌ ይልኩብኛል፤ በሬን አልከፍትም። ልጁ በአባቴ ስም ደረሰ ኪዳኑ ተብሎ ይጠራል። አድጎ "አባቴ ማን ነው?" ሲለኝ፣ የአይጥ እናት ምን እንደሚያስፈልጋት አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው እለዋለሁ።

ፈጣሪ ትምህርትህን ያስፈጽምህ። አይጦችህንም በሰላም ያገላግልልህ።

እንዳትመጣ። የምወልደው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው።

እመቤት ኪዳኑ