በራችንን በቃሬዛ ለለኩልን ሰብሳቢ

ተመለስን! እናቴና እኔ፣ ከነቤት መኪናችን፣ ከነጎማችን፣ ጥቅምት 30 ቀን እሑድ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ወደ እድራችን ተመለስን! ከእንግዲህ እናቴ ብትሞት ድንኳን ይተከልላታል፣ ጎረቤት ትከሻውን ይሰጣታል፣ እንደማንኛውም የሰው ልጅ ተለቅሶላት ትቀበራለች። ይህን ሳልተነፍስ ሰላምታ ብጀምር ደረቴ ይፈነዳ ስለነበር፣ የደብዳቤ ሥርዓት አታውቅም ብለው እንዳይታዘቡኝ በትሕትና እለምናለሁ። አሁን ወደ ሥርዓቱ ገባሁ።

ለክቡር አቶ ይልቃል
የማንጎ ጥላ ሰፈር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? ከእሑድ ወዲህ ቀና ብለው ሲሄዱ ያየዎት ሰው ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ በሐሳብ ላይ ነው። እኛ ደህና ነን። እናቴ ወይዘሮ ሰገነትም ክቡርነትዎ ከመዝገብ ካስሰረዟት ጊዜ ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ ብሏት የነበረችው፣ እሑድ ማታ ገንፎዋን ጨርሳ የእኔንም ሳህን ማየት ጀምራለች።

ክቡርነትዎ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ በእድሩ አዳራሽ በር፣ በፎቶ ቤቱ መስታወትና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ላልሰማ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ፤ እርስዎ እስከዚያ ትንሽ አረፍ ይበሉ።

ተከራይተን የኖርንበት ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ሌላ ቤት ፍለጋ ያልረገጥኩት ሰፈር የለም። አከራይ ሁሉ እናቴን ከኋላዬ ሲያይ ክፍሉ ትናንት ተያዘ ይለኛል፤ አሮጊት ቤቴ ውስጥ ሞታ ግቢዬ በለቅሶተኛ ይጥለቀለቃል ብሎ መፍራቱ ነው። በዚህ መካከል ኩርሙክ አካባቢ ይሠራ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ ንብረቱን በጨረታ ሸጠ፤ ከንብረቱም አንዱ ሠራተኞቹ መስክ ሲወጡ ያድሩበት የነበረ፣ ከፊቱ መኪና ከኋላው ቤት የሆነ፣ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ ቤት መኪና ነበር። ከእኔ በቀር የፈለገው ስላልነበረ ወሰድኩት። ጎረቤታችን ዐዋጢፍም ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ከማንጎው ሥር አቁሙት ብላ አስገባችን፤ አላህ ይስጣት።

እውነቱን ለመናገር ስንገባበት ቤት መኪናው በሕይወት ነበር ለማለት ይቸግራል። ጣሪያው ወንፊት ነው። ወለሉ ለዓመታት ውኃ ጠጥቶ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኖ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ እግሬ አልፎ መሬት ረግጧል። ፍራሹ ውስጥ አይጥ ከነልጅ ልጆቿ ትኖር ነበር። መካኒካችን ማህጁብ፣ ከእጁ ይልቅ አፉ የሚፈጥን ሰው ቢሆንም፣ ወለሉን ቀዶ በጣውላ ሠራው፤ ጣሪያውን ለጠፈው፤ ግድግዳውን ከውስጥ በቀርከሃ ለበጥነው። መታጠቢያና መጸዳጃ የሆነች ሳጥን የምታህል ክፍል ነበረችው፤ እናቴ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም ብላ በርበሬና ሽሮ አስቀመጠችባት። የሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ስለሚዞር የእሷ ዙፋን ሆነ፤ ጠዋት መንገዱን እያየች አላፊ አግዳሚውን ትመርቃለች፣ ከሰዓት ወደ ቤት ዞራ እኔን ታዛለች። ማህጁብ አማርኛን በኋላ የተማረው ስለሆነ እናቴን «አንተ» ይላታል፤ እሷም ማዕረግ ነው ብላ ተቀብላዋለች።

ይህን ያህል ስንደሰት እርስዎ ዝም ብለው ሊያዩን ስላልቻሉ ያደረጉልንን ውለታ በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ገና በገባን ሰሞን ግቢው ድረስ መጥተው፣ ቤታችንን ዞረው ተመልክተው፣ ጎማችንን በጫማዎ ጫፍ መታ መታ አድርገው፣ ጎማ ያለው ነገር መኖሪያ ተብሎ አይጠራም፣ ዛሬ እድር ገብቶ ነገ ተነድቶ ይጠፋል ብለው ስላስጠነቀቁን እናመሰግናለን። ይህ መኪና ካልተገፋ እንደማይነሳ፣ ለመግፋትም የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ እንደሚያስፈልግ፣ ስለዚህ እናቴና እኔ ከሰፈሩ ለመጥፋት ብንነሳ ሰፈሩን በሙሉ ለእርዳታ መጥራት እንደሚኖርብን ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ለአርቆ አሳቢነትዎ ግን ይህ ትንሽ ነገር ነው።

2ኛ. እናቴን ከእድሩ ለማሰናበት ሲወስኑ፣ እንደ ተራ ሰው በር አንኳኩተው ከመንገር ይልቅ ጡሩንባ ነፊውን ጎሕ ሲቀድ አሰማርተው በክብር ስላስነገሩላት እናመሰግናለን። በሰፈራችን በዚያ ሰዓት ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሕዝቡ ጡሩንባውንና የእናቴን ስም ሰማ፤ «ከአባልነት ተሰርዘዋል» የሚለውን ለመስማት ማን ይቆያል? ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እዬዬውን እያቀለጠ መጣ። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ስትታጠብ ደረሱባት። መጀመሪያ አብራቸው አለቀሰች፤ ደግሞ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። የሚለቀሰው ለእሷ መሆኑን ስትሰማ ሁሉን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። እንግዲህ ሰው በሕይወት እያለ ስንት ሰው እንደሚያለቅስለት የማየት ዕድል ለስንቱ ይገጥመዋል? ይህን የሚያህል ስጦታ ከየትኛው ሰብሳቢ ይገኛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ክቡርነትዎ ወደዚህ የመጡት ሁሉ ነገር ከተደላደለ በኋላ ስለሆነ ላያውቁት ይችላሉ። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እኔ ልጅ ነበርኩ። ወባ በየቤቱ ሰው ስትወስድ ድንኳንም፣ ቃሬዛም፣ ሰብሳቢም አልነበረም። እናቴና ጎረቤቶቿ ሟቹን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው ይቀብሩ ነበር፤ አንዳንዴም የተሸካሚው ተራ በማግሥቱ ይደርሳል። ያ ጋቢ ነው ኋላ እድር የሆነው። እናቴ ቤት የላትም ቢሏት አትደነግጥም፤ ከአንዴም ሁለቴ ቤት አጥታለች። ቀባሪ የለሽም ሲሏት ግን ያን ጊዜ አረጀች።

3ኛ. ይህን ውለታ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። አቤት ለማለት አዳራሽ ድረስ ብመጣ፣ ጉዳዩን በሥፍራው ተገኝቼ አጣራለሁ አሉኝ፤ ቃልዎንም አከበሩ። በማግሥቱ የእድራችንን ቃሬዛ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሸኝበትን ያንኑ ቃሬዛ፣ በሁለት ሰው አሸክመው መጡ። የዚህ ቤት በር አስከሬን አያስወጣም፣ አስከሬን የማያስወጣ በር ያለው ቤት ደግሞ በደንባችን ቤት አይደለም ብለው፣ ለማስረዳት ቃሬዛውን በጎኑ በር አስገቡት። እናቴ ውስጥ ናት። ወንበሯ ላይ ሆና ቃሬዛ ወደ እሷ ሲመጣ ታያለች። እርስዎም ቁም ሳጥን እንደሚያስገባ ሰው ወደ ግራ፣ አይ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ፣ እያሉ ሲያዙ ቆዩና ከመሐል ሲቀረቀር አንገትዎን በቃሬዛው ላይ አስግገው እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

እሷም፣ «ልጄ፣ እኔ ገና ነኝ። ምን አስቸኮለህ?» አለችዎ።

ለእርስዎው ብዬ ነው እማማ ብለው ስለመለሱላት እናመሰግናለን። ቃሬዛው አልገባም፣ አልወጣም፤ የሹፌሩ በር ዝጎ ስለተጣበቀ ያለው በር እሱ ብቻ ነው። እርስዎ ሌላ ቀጠሮ ስለነበረዎት ሄዱ። እናቴ ማህጁብ መጋዝና መዶሻ ይዞ ከገበያ እስኪመጣ ድረስ፣ ጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ከራሷ ቃሬዛ ኋላ ተቀምጣ ዋለች። እኔ ከውጭ በመስኮት ውኃ አቀብላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ምግቡን ጭራሽ እምቢ አለች። ማታ ማታ በጨለማ «ማን ያወጣኛል?» ትለኛለች። እኔም፣ ለፍልፌ የማልደክመው ሴት፣ ተነሥቼ በጨለማ በሩን በስንዝር እለካ ነበር።

4ኛ. ሆኖም ክቡርነትዎ በነካ እጅዎ መፍትሔውን ስላሳዩን ከሁሉ በላይ ይመስገኑ። በር ጠበበ አሉ፤ በር አሰፋን። ማህጁብ ዝሆን የሚያስወጣ በር እሠራልሃለሁ ብሎ ለእናቴ ምሎላት የመኪናውን የኋላ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ያን ዕለት ግማሽ ቤቴ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳይ ማልቀሴን አልደብቅም። እንጨቱ በስብሶ ስለነበር ዙሪያውን በብረት አሰረው፤ ሁለት ተከፋች በር ገጠመለት፤ እኔም በቀርከሃ አለበስኩት። አልጋውን ወደ ጎን አዞርነው። ጠዋት ሁለቱን በር ስንከፍት ፀሐይ እስከ መሪው ድረስ ትገባለች፤ እርስዎ ባይለኩን ኖሮ ይህን ብርሃን ከየት እናገኘው ነበር?

ከዚያ አቤቱታዬ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ፤ ጉባኤውም ነገሩን በዓይናችን እንይ ብሎ ከነወንበሩ ወደ ዐዋጢፍ ግቢ መጣ። ባዶው ቃሬዛ በአዲሱ በር ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። ሰው ሁሉ ሊያጨበጭብ ሲል እርስዎ ተነሥተው፣ «ባዶ ቃሬዛ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ተኝቶበት ይታይ። ካለፈማ ወንበሬን እለቃለሁ» አሉ። በጤናው ቃሬዛ ላይ የሚተኛ ሰው እንደማይገኝ ያውቃሉ፤ እንኳን መተኛት፣ በላዩ መሻገር እንኳ የሚፈራ ሕዝብ ነው። ጉባኤው መሬት መሬት ሲያይ፣ እርስዎ ደግሞ እንግዲያው ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይተኙበት ብለው ወደ እናቴ ጠቆሙ። እናቴም፣ ይቅር ይበልዎትና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ነበር።

ያን ጊዜ ዐዋጢፍ የእናቴን ትከሻ ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። «ያዘዘ ይተኛ» አለች። «እኛ እንሸከማለን።»

ያዘዘ ይተኛ የሚለው ቃል ከፊት ወንበር እስከ አጥሩ ሲዞር ክቡርነትዎ በሥርዓት፣ በድምፅ ብልጫ፣ ጫማዎን አውልቀው ተኙ። ተሸካሚዎቹ ከክብርዎ ክብደት የተነሣ ሁለት ጊዜ ቢያርፉም፣ በኋላ በር አስገብተው፣ አዙረው፣ እግርዎን አስቀድመው እንደ ወጉ አወጡዎት። ሁለቱም ትከሻዎ ምንም ሳይነካ አለፈ፤ በግራም በቀኝም ክፍተት ተረፈ። ፀሐይ እንዳይመታዎ ብዬ ነጠላ ጣል ያደረግሁብዎ እኔ ነኝ፤ በክፋት አይቁጠሩብኝ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሎዛ ከገበያ ስትመለስ የሰፈሩን ሰው ተሰብስቦ፣ ቃሬዛውን ከፍ ብሎ፣ ከነጠላው ሥር ደግሞ የምታውቀውን የተቀደደ ካልሲ ስታይ፣ ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን መደቃት ጀመረች። እርስዎ እኔ ነኝ፣ አለሁ ብለው ከቃሬዛው ሲዘሉ ወገብዎ ተቀጨ። እሷም መኖርዎን ካረጋገጠች በኋላ ለዚህ ነው ቲማቲሜን ያፈሰስኩት ብላ መልቀም ያዘች። ባለቤትዎ ምን ያህል እንደምትወድዎ፣ ለምን ያህል ጊዜም እንደምትወድዎ ለማወቅ በእኛ በር ማለፍዎ እድለኛ ያደርግዎታል።

ድምፅ ተሰጠ። የተቃወመ አልነበረም፤ እርስዎም እጅዎን ያላወጡት መሬት ላይ ስለነበሩ ነው ብለን በበጎ ተርጉመነዋል።

5ኛ. እናቴን እስከ ዛሬ ይቅርታ ስላልጠየቋት እናመሰግናለን። ቢጠይቋት ወዲያው ትምርዎ ነበር፤ እኔም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ምክንያት አላገኝም ነበር።

የወደቁትን ሁሉ ከመሬት የሚያነሣ አምላክ ወገብዎን እንዲያቀናልዎ፣ ዕድሜዎን አርዝሞ እናቴ በየጠዋቱ ስትስቅ የሚሰሙበት ጆሮ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በማዕረግዎ ፊት በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ስርጉት፣ የወይዘሮ ሰገነት ልጅ
የባለ ሁለት በር ቤት መኪና ባለቤትና የእድሩ ሙሉ አባል
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለጡሩንባ ነፊው (እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት)
ለወይዘሮ ሎዛ

ማስታወሻ፦ ካለፈ ወንበሬን እለቃለሁ ያሉትን እርስዎ በሕመም ምክንያት ዘንግተውት ሊሆን ስለሚችል፣ የሰሙት አባላት በሙሉ እንዳስታውስዎ አደራ ብለውኛል። በምትክዎም ዐዋጢፍ እናቴን ጠቁማለች። እናቴ ማንበብ አልችልም ብላ ብትግደረደር፣ ማንበብ የሚችለውን አይተነዋል ብለዋት ዝም አሰኝተዋታል። የቤት መኪናችን ምርቃትና የአዲስ ሰብሳቢ ምርጫ በአንድ ቀን እንዲሆን ተስማምተናል፤ በግ ተገዝቷል፣ ዐዋጢፍ ገንፎ በባሚያ ወጥ ትሠራለች፣ ለክቡርነትዎም ከአባላቱ መካከል መደገፊያ ያለው ወንበር ተይዞልዎታል። የሰፈሩ ሰው አንድም እንዳይቀር፤ ቀኑ ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው።