የቀሩት አራት ቀናት

ይድረስ ለልጄ የሥራ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የእኔ ዓይን ድኗል። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍ ገና መጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ የእጄ ነገር ነው።

በልጄ ቀብር ላይ ስላላየሁሽ አልተቀየምኩሽም። በራችን ድረስ መጥተሽ እንደተመለስሽ ጎረቤቴ ነግራኛለች።

ትናንት የቤተ ሙከራው አለቃችሁ በአንቺ ላይ የተጻፈ የክስ ወረቀት ይዘው መጡ። ቁጭ ብለው ቀስ አድርገው አስረዱኝ። የምትሠሩበት ቫይረስ መጀመሪያ በሙቀት ይገደላል። ከዚያም ጥቂቱ በሕይወት ባሉ ሴሎች ላይ ይደረግና አሥር ቀን ይጠበቃል። ሴሎቹ ደህና ከሆኑ ቫይረሱ ሞቷል ማለት ነው፤ ያኔ እሱ ያለበት ብልቃጥ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይለጠፋል፤ ያለ ጭንብልም ይከፈታል። "እሷ በስድስተኛው ቀን ለጠፈች፤ ልጅዎ አምና ከፈተችው" አሉኝ። "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አሉ።

እኔ ነገሩን ድሮም አውቀው ነበር። ልጄ "እማ፣ የእኛ ቫይረስ ተንኮለኛ ነው፤ ሞቶ እንኳ አናምነውም" እያለች ትስቅ ነበር። አንቺን "ችኮዋ" ነበር የምትልሽ፤ ከአሥሩ ቀን አንድ ሰዓት አታጎድልም እያለች።

አለቃችሁ "ለምን እንደቸኮለች ስንጠይቃት መልስ የላትም" አሉ። ምነው ልጄ፣ ለምን ዝም አልሽ?

ያን ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ደውዬላት ነበር። የዓይኔ ቀጠሮ ቅዳሜ ነበር። "እማ፣ ከአሥሩ አራት ቀን ይቀረናል፤ ሥራዬን ሳልጨርስ ፈቃድ አይሰጡኝም፤ ቀጠሮውን አስለውጪ" አለችኝ። "ከእናትሽ ዓይን ብልቃጥሽ በለጠብሽ?" አልኳት።  ሳቀችና፣ "በቃ እሺ፣ ችኮዋን እለምናታለሁ" አለች።

ቅዳሜ መጣች። እጄን ይዛ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አደረሰችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ዓይኔ የታሰረበት ጨርቅ ሲነሳልኝ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ፊቷ ቀልቶ ነበር። "ምን ሆነሻል?" ብላት፣ "ሙቀቱ ነው" አለችኝ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልፈረምኩም። አለቃችሁ አርብ ይመለሳሉ። የሐሙሱን ስልክ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ደግሞ አፌ ይያዛል። ከዚያ በፊት ነይልኝ። አጠገቤ ከሆንሽ እናገር ይሆናል።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። እናትሽንም ያቆይልሽ፤ ስትደውልልሽ ግን ያለችሽን ሁሉ አትስሚያት።

የጓደኛሽ እናት