ሳህንህን አዙርልኝ

ሬናን፣

ከሐኪም ምርመራው ስትመለስ አታገኘኝም። ወደ አገሬ ወደ ኢሎኢሎ የሚሄደው መርከብ አሥር ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ነው። ልጠብቅህ እችል ነበር፣ ግን አልፈለግኩም።

ሩዙ ድስት ውስጥ አለ። ዓሣውን ድመቷ ሳትደርስበት ብላው።
ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻታለሁ።

አልጋዬ ሥር ያለው የሥራ ጫማ ያንተ ነው። ትንሽ ይሰፋሃል፣ ወፍራም ካልሲ ደርብበት። የነዳጅ መርከብ ወለል በጣም ያንሸራትታል። አለቃው ቢጮህብህም የጋዙን መለኪያ ሳታይ ታንክ ውስጥ እንዳትገባ።

ጠዋት መርከበኞች ሥራ በምንጠብቅበት በሉኔታ መናፈሻ ደላላው አንተን መዝግቦ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና፣ "አባባ፣ እርስዎ እንኳን የልጅ ልጅ ቢያጫውቱ ይሻልዎታል" ሲለኝ ሁሉም ሳቀ።
አንተም ሳቅህ።
ሥራው እንዳያመልጥህ ብለህ ነው። ገብቶኛል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ወደ መርከብም ሆነ ባሕር ላይ ወዳለው የነዳጅ ቁፋሮ ስሄድ፣ ማዕድ ላይ የቀሩት በሰላም ይግባ ብለው ሳህናቸውን ያዞሩልኝ ነበር። ዛሬ ግን ብቻዬን በልቼ ነው የተነሳሁት። ማታ ስትበላ ሳህንህን አዙርልኝ። ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ይዞር እንደሆነ አላውቅም፣ አንተ ግን አዙርልኝ።

ሚስቴ ባሌ ሥራ አግኝቶ ሊሳፈር ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ስንት ዓመት ባሕር ስወጣ እንደዛሬው መንገድ ፈርቼ አላውቅም።

ኢሲድሮ