ያልተለየ አሉቪየም

ግንቦት 12
የዶክተር ፈቃደ የውሃ ጉድጓድ ጥናት ከአዲስ አበባ ውሃ ጽሕፈት ቤታችን ደረሰ። ስልሳ ሁለት ገጽ፣ ባለቀለም ካርታ… ጥራዙ የሰርግ አልበም ነው የሚመስለው። የጨፋ ሸለቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቢጫ! «ያልተለየ አሉቪየም» ይላል። አሉቪየም ወንዝ ያመጣው ደለል ነው፤ አሸዋም ይሁን፣ ጠጠርም ይሁን፣ ጭቃ። «ያልተለየ» የሚባለው በካርታው ስኬል ለይቶ ማሳየት ሳይቻል ሲቀር ነው። በደንቡ። በዶክተሩ እጅ ሲገባ ግን «ከመኪና አልወረድኩም» ማለት ነው።
ቆጠርኩት። አርባ አንድ ቦታ ጽፎታል። ገጽ 48 ላይ «ስለዚህ ውሃ አዘል ነው» አለ። ስለዚህ! ከየት የመጣ ስለዚህ?

ግንቦት 15
ጉድጓዱ የሚቆፈርባት መንደር ሄድኩ። አዳዳ ሀዲጃ፣ የአባቴ እህት፣ እዚያ ናት። የተመረጠውን ቦታ አሳየኋት። ሳቀች።
«ባሌ፣ አላህ ይርሃመውና፣ እዚችው ላይ ሃያ ክንድ ቆፍሯል። ጥቁር ጭቃ ብቻ። ቢሻን የለውም ልጄ፣ ጠብታ ውሃ የለውም። ውሃ የሚይዘው ጠጠር እኮ ከጋራው ሥር ነው።»
ከጋራው ሥር መኪና አይደርስም። ለዚህ ነዋ! በጀቱ ደግሞ የአንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ቦታውን ከሳትን ሴቶቹ ያንኑ የቦርከናን ወንዝ ድፍርስ መቅዳት ነው። ልጆቹም መታመም።

ሰኔ 3
ለዶክተሩ ደወልኩ።
«ወንድሜ፣ ‹ያልተለየ› የሚለው ቃል በሳይንስ ተቀባይነት ያለው ነው።»
ቃሉን ማን ነካው? ቦታውን አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩት።
«ቀደምት ጥናቶችን ተመልክተናል።»
ቀደምቶቹስ ማንን ተመለከቱ? እርስ በርሳቸው! አንዱ ከሌላው እየገለበጠ… ምሁር ተብዬ።

ሰኔ 9
ኃላፊዬ ሙህዲን ጠራኝ። «በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ቦታ ይቀየር ካልክ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ወላሂ፣ አንድም ጉድጓድ አይኖርም። ፈርም።»
«የቦታ መረጣው ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ምናልባት ወደ ታች ጠጠር ይኖር ይሆናል… ማን ያውቃል?

ሰኔ 21
ዘጠና ስድስት ሜትር። ጭቃ።

ሰኔ 24
ሙህዲን የማጠናቀቂያ ሪፖርት ጻፍ አለኝ። «የአካባቢው ጂኦሎጂ ውስብስብ ሆኖ ነው በለው፣ በቃ።» ዶክተሩም ተባባሪ ነው፣ የተዘጋጀ አንቀጽ ልኮልኛል። በአምስት መስመር ውስጥ «ያልተለየ» ሦስት ጊዜ! አያፍርም።
አጠፋሁት። እኔ የጻፍኩት፦ ጥቁር ጭቃ ነው። ሳይቆፈር ተነግሮኝ ነበር። ጠጠሩ ከጋራው ሥር ነው። ቦታውን አረጋግጬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።
ሙህዲን አነበበው። «ይሄ ሳይንስ አይደለም» አለ። ማኅተም አልመታበትም።

ሰኔ 26
ወረቀቱን መንደሩ ወስጄ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ተነስተው ወደየሥራቸው ሄዱ።
አዳዳ ሀዲጃ ብቻ ቀረች፦ «ያኔ ስነግርህ ሰምተኸኝ ነበር?»
«ሰምቼሽ ነበር፣ አዳዳ።»
«ዶክተሩስ እንግዳ ነው፣ አያውቅም። አንተ?»
ጀሪካኗን አዝላ ወደ ቦርከና ወረደች። ልያዝልሽ ልላት አፈርኩ።